ሉፐስና ኩላሊት፦ የአንቲቦዲ ውጤት ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን፣ ኩላሊትንም ጭምር፣ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ታማሚው ይዞት የሚወጣው የላብራቶሪ ወረቀት በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው። ኤ ኤን ኤ፣ ዲ ኤስ ዲ ኤን ኤ፣ ኤስ ኤም፣ ሲ3፣ ሲ4። አጠገባቸው «ፖዘቲቭ»፣ «ከፍ ያለ»፣ «ዝቅ ያለ» ይላል። ከዚያ ስልክ ተከፍቶ ፍለጋ ይጀመራል፤ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ስህተቱ ግን የታማሚ ብቻ አይደለም፤ ባለሙያም ይሳሳታል።

በጣም የተለመደው «ኤ ኤን ኤ ፖዘቲቭ ነኝ፣ ኩላሊቴ ተነካ» ማለት ነው። ይህ ምርመራ የሚያሳየው የገዛ ሴሎቻችንን ኒውክለስ የሚያነጣጥሩ አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች) መኖራቸውን ነው። ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፖዘቲቭ ናቸው። ይሁን እንጂ ከጤነኛ ሰዎችም ከ10 አንዱ ገደማ ደሙ 80 እጥፍ ተቀጥኖ ሲመረመር (1 ለ 80 በሚባለው መጠን) ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የምደባ መስፈርት ኤ ኤን ኤን እንደ መግቢያ በር ብቻ ነው የተጠቀመበት። ስለ ኩላሊት የሚነግረን ነገር የለም። አንዴ ፖዘቲቭ ከሆነ በኋላ በየጊዜው ማስደገም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብር ማባከን ነው።

ዲ ኤስ ዲ ኤን ኤ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይወሳሰባል። ይህ አንቲቦዲ ከኩላሊት ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። ከዲ ኤን ኤ ጋር ተጣብቆ በኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ ይከማቻል፤ ኮምፕሊመንት የሚባሉትን የደም ፕሮቲኖች ይቀሰቅሳል፤ ማጣሪያው ይቆጣል። ሲ3 እና ሲ4 የሚወርዱትም እዚያው ስለሚያልቁ ነው። ስለዚህ አንቲቦዲው ሲወጣ፣ ኮምፕሊመንቱ ሲወርድ፣ ሐኪም ጆሮውን ያቆማል።

ጆሮ ማቆም ግን መድኃኒት መጨመር ማለት አይደለም። ቁጥሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ ኩላሊታቸው ጸጥ ያለ ሰዎች አሉ። ለቁጥሩ ብቻ ተብሎ ስቴሮይድ ከተጨመረ ትርፉ የስቴሮይዱ ጉዳት ነው፤ በቅርበት መከታተል ይሻላል። በተቃራኒው ደግሞ «ኔጋቲቭ ነኝ፣ ተገላገልኩ» የሚልም አለ። በተለይ ከሉፐስ ኩላሊት በሽታ ክፍሎች አምስተኛው የሚባለው ዲ ኤስ ዲ ኤን ኤው ኔጋቲቭ፣ ኮምፕሊመንቱም ደህና ሆኖ ፕሮቲን በሽንት ሊያፈስ ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ ከሁለቱ ይህኛው ስህተት ይበልጥ ያስፈራኛል።

የሁለት ላብራቶሪ የዲ ኤስ ዲ ኤን ኤ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለትም ያስታል። አንዱ ኤላይዛ በሚባል ዘዴ ይሠራል። ሌላው ክሪቲዲያ የምትባል ባለ አንድ ሴል ተህዋስ ይጠቀማል፤ ተህዋሷ የታመቀ ዲ ኤን ኤ ስላላት አንቲቦዲው ካለ እዚያ ላይ ሲጣበቅ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዘዴው ሲለያይ መለኪያውም ይለያያል። የሚቻል ከሆነ አንድ ቦታ ይመርመሩ።

ኤስ ኤም የሚባለው አንቲቦዲ ሉፐስን ለመለየት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በሌላ በሽታ ብዙም አይገኝም። የበሽታውን መውጣትና መውረድ ግን አይከተልም። አንዴ ከታወቀ ይበቃል።

የሚረሳው አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው፣ ደምን የሚያረጋ አንቲቦዲ ነው። ብዙ ሰው ከእርግዝና መጨናገፍ ወይም ከእግር ደም መርጋት ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ነገር ግን የኩላሊትን ጥቃቅን ደም ስሮችም ይደፍናል። ያኔ ችግሩ መርጋት እንጂ ቁጣ ብቻ ስላልሆነ ሕክምናውም ሌላ ይሆናል።

ከሁሉም የሚብሰው ደሙን እያሳዩ ሽንቱን መተው ነው። «ወገቤን አላመመኝም» አያስተማምንም፤ ይህ በሽታ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ደህና መሆኑም አያስተማምንም፤ እሱ የሚጨምረው ኩላሊት ብዙ ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የሚናገረው ሽንት ነው፤ ፕሮቲን አለው ወይ? ደም አለው ወይ? በቀን 0.5 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ከፈሰሰና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ስለ ባዮፕሲ፣ ማለትም በመርፌ ከኩላሊት ትንሽ ናሙና ስለ መውሰድ፣ መነጋገር ይጀመራል።

እዚህ ላይ ነው የመጨረሻው ስህተት የሚመጣው፦ «የደሙ ውጤት ግልጽ ነው፣ መርፌው ለምን አስፈለገ?» የሚለው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ሆኖም በ2003 የወጣው አመዳደብ በሽታውን በ6 ክፍል ይከፍለዋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለይ አንቲቦዲ እስካሁን የለም። ከኩላሊት ጋር በጣም የሚያያዘው አንቲ ሲ1ኪው የሚባል አንቲቦዲ እንኳ ባዮፕሲን አይተካም። ደም የማይነግረን ሌላም ነገር አለ፤ ማጣሪያው ላይ ያለው ገና የሚነድ ቁጣ ነው ወይስ የደረቀ ጠባሳ? የሚነድ ከሆነ ጠንካራ መድኃኒት ያበርደዋል። ጠባሳ ብቻ ከሆነ ያው መድኃኒት ሰውነትን ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር የሚመልሰው ነገር የለም።