የአጎቴን ጆሮ ላፕቶፕ ላይ

አጎቴ ጀነሬተር ይጠግናል። ገና ድምፁን ሲሰማ ብልሽቱን ያውቀዋል። ረዳቶቹ ግን ቀኑን ሙሉ እየደወሉ መውጫ መግቢያ ያሳጡታል። ዕውቀቱን ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጥለት ስነሳ ያወጣሁት ወጪ የኢንተርኔት ዳታ ብቻ ነው።

መሣሪያው ኤስ ደብሊው አይ ፕሮሎግ (SWI-Prolog) ይባላል፤ ሕግ ጽፋችሁለት ከሕጉ ተነስቶ ጥያቄ የሚመልስ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ ተጀመረ። ነጻ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል። 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አዲሱን እትም አውርዱ።

ኮዱን ለጊዜው ተዉት። ደብተር ይዛችሁ ባለሙያው አጠገብ ተቀመጡ። አጎቴን «ጋሼ፣ ብልሽቱን እንዴት ነው የምታገኘው?» ብዬ ብጠይቀው «ያው በልምድ ነዋ» ብሎ ዝም አለኝ። «ተነስቶ ወዲያው ቢጠፋስ?» ስለው ግን ግማሽ ሰዓት አወራ። እንደዚህ ነው መጠየቅ።

ከዚያ ኖትፓድ ላይ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

ምልክት(ተነስቶ_ይጠፋል).
ምልክት(ናፍጣ_አለ).

ብልሽት(የናፍጣ_ፊልትሮ) :- ምልክት(ተነስቶ_ይጠፋል), ምልክት(ናፍጣ_አለ).
ብልሽት(ባትሪ) :- ምልክት(ሞተሪኖ_በደካማው_ይዞራል).

የላይኞቹ ሁለት መስመሮች የዛሬው ማሽን ምልክቶች ናቸው፤ በየማሽኑ ይቀየራሉ። የታችኞቹ የአጎቴ ሕጎች ናቸው (ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያስነሳው ነው)። ሁለት ነጥብና ሰረዙን «የሚሆነው» ብላችሁ አንብቡት፣ ኮማውን «እና»። የፋይሉ ስም በነጥብ ፒ ኤል (.pl) ይጨረስ። ስትከፍቱት ብልሽት(_ምን). ብላችሁ ጠይቁት፣ የናፍጣ_ፊልትሮ ይላችኋል። ፕሮሎግ ተለዋዋጩን፣ ማለትም መልሱ የሚገባበትን ባዶ ቦታ፣ የሚለየው በትልቅ ፊደል ወይም በታች ሰረዝ ሲጀምር ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከፊቱ የታች ሰረዝ እናደርጋለን።

እኔን ያቃጠሉኝ ሦስት ነገሮች አሉ። በልማድ አራት ነጥብ (።) አስገባሁ፣ ስህተት ብሎ ጮኸብኝ። የሚፈልገው የፈረንጅ ነጥብ ነው፤ ኮማውም እንደዚያው። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ሳላስቀምጥ ዘጋሁት፣ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ጠበቀኝ። ሦስተኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም አይጮኽም። አንዱ ጋ «ድምፅ_አለው»፣ ሌላው ጋ «ድምጽ_አለው» ብዬ ነበር። ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ቃል። ዝም ብሎ «false» (ሐሰት) ይላል። አንድ ሌሊት ሙሉ ሕጉ ተሳስቷል ብዬ ስፈትሽ አነጋሁ። አሁን የምንጠቀምባቸውን ቃላት አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ።

በአማርኛ መጻፌ የጠቀመኝ መጨረሻ ላይ ነው። ሕጎቹን አትሜ ለአጎቴ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና አንዱ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዘበት። «ይሄ ለናፍጣው እንጂ ለቤንዚኑ አይሆንም» አለኝ። ለቤንዚኑ ሌላ ፋይል ከፈትኩ።