ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ የታሸገ ምግብን በመርከብ ወደ ውጭ አገር ለመላክ

ፓስታ፣ ብስኩት፣ ዱቄት፣ ቅመማ ቅመም፣ የቆርቆሮ ምግብና የታሸገ ጭማቂ ማቀዝቀዣ ስለማይፈልጉ፣ ብዙ ላኪዎች እንደ ማንኛውም ደረቅ ዕቃ ሊጫኑ የሚችሉ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ምግብ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሳይበላሽ የሚቆየው መጋዘኑ ደረቅና ነፋሻማ ሲሆን ነው፤ ኮንቴይነር ግን ቀን በፀሐይ የሚግል፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ፣ ለሳምንታት ተዘግቶ የሚጓዝ የብረት ክፍል ነው። በእኔ እምነት የዚህ ጭነት ዋና ጠላቶች እርጥበትና ያለ ጥቅም የሚያልፍ ቀን ናቸው፤ የዝግጅቱም ሥራ በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ለመከላከል የሚደረግ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመድረሻው አገር ሕግ ነው። ማሸጊያው ከመታተሙ በፊት የገላጭ ጽሑፉን ረቂቅ ለገዢው ልኮ በጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቋንቋው፣ የቀን አጻጻፉና የአለርጂ ማስጠንቀቂያው ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት 14 አለርጂ አምጪ የምግብ ዓይነቶች ተለይተው እንዲጻፉ ሲያዝ፣ አሜሪካ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ሰሊጥን ጨምራ 9 ዓይነቶችን ትጠይቃለች። አሜሪካ ከዚህም ሌላ ፋብሪካው በምግብና መድኃኒት አስተዳደሯ እንዲመዘገብ፣ በባህር የሚመጣ ምግብም ወደብ ከመድረሱ ቢያንስ 8 ሰዓት አስቀድሞ እንዲነገራት ታስገድዳለች። ወተት፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ያለበት ምርት በተለይ ጥንቃቄ ይሻል፤ በብስኩት ውስጥ የገባ ጥቂት የወተት ዱቄት እንኳ በአንዳንድ አገሮች የእንስሳት ተዋጽኦ ደንብን ሊያስነሳ ይችላል።

ቀጥሎ ቀን መቁጠር ይመጣል። ምርቱ ከተመረተበት ዕለት ተነሥቶ የመጋዘን ቆይታውን፣ መርከብ የሚጠበቅበትን ጊዜ፣ የባህር ጉዞውን፣ በመካከለኛ ወደብ ከመርከብ ወደ መርከብ የሚዛወርበትን ጊዜና የጉምሩክ ፍተሻውን መደመር ያስፈልጋል። ገዢዎች ምርቱ ሲደርሳቸው ከመጠቀሚያ ጊዜው ግማሹ ወይም ሁለት ሦስተኛው እንዲቀር ብዙ ጊዜ ስለሚጠይቁ፣ ይህ ድርሻ በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። መንገድም ሊለወጥ ይችላል፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባህር በተፈጠረው ስጋት ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው ሲሄዱ፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል ያለው ጉዞ ከሳምንት በላይ ረዝሞ ነበር። ስለዚህ ለመርከብ የሚመደበው ምርት ከመጋዘን የቆየው ሳይሆን አዲሱ ይሁን።

የኮንቴይነሩ መጠን የሚመረጠው በጭነቱ ክብደት ነው። ባለ 20 ጫማው 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ የቆርቆሮ ምግብና ጭማቂ ከባድ ስለሆኑ ቦታው ሳይሞላ የክብደት ገደቡ ይደርሳልና ለእነሱ ይህ ይሻላል። እንደ ደረቅ የቁርስ እህል ላለ ቀላል ዕቃ 76 ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዘው፣ ርዝመቱ 40 ጫማ የሆነና ከመደበኛው ከፍ ያለ ኮንቴይነር ይስማማል። ከሌሎች ላኪዎች ጋር ኮንቴይነር መጋራት ለትንሽ ጭነት ርካሽ ቢሆንም፣ ጎረቤትህ ሳሙና ይሁን ጎማ አታውቅም፤ ዱቄት፣ ሻይና ብስኩት ደግሞ ሽታን ይስባሉ። ኮንቴይነሩ ባይሞላ እንኳ ለብቻ መያዝን እመርጣለሁ።

ባዶው ኮንቴይነር ሲመጣ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበት፤ በጣሪያው ወይም በግድግዳው የሚገባ ብርሃን ካየ በዚያው ውኃም ይገባል። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ወይም የኬሚካል ሽታ ካለው ያለ ማመንታት ይመለስ።

አሁን ወደ እርጥበቱ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ጭነቱን የሚያረጥበው ውኃ በአመዛኙ ከውጭ የገባ አለመሆኑ ነው። ካርቶኖቹ ከሚደረደሩበት የእንጨት መደብ (ፓሌት)፣ ከካርቶኑ፣ ከወለሉና ከምርቱ ራሱ የሚወጣው እርጥበት በሙቀት ወደ አየሩ ይገባል፤ ሌሊት ሲመጣ ወይም መርከቡ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ባህር ሲሻገር የብረት ጣሪያው ቀድሞ ይቀዘቅዝና ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛውም በካርቶኖቹ ላይ ይንጠባጠባል። የረጠበ ካርቶን ጥንካሬውን ስለሚያጣ የታችኛው ረድፍ ይጎብጣል፤ የቆርቆሮ ምግብ ይዝጋል፤ ሻጋታም ይከተላል። በፓሌቱ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ማኅተም ብቻውን አያጽናናም፤ ማኅተሙ እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ውስጡ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሞቆ ከተባይ መጽዳቱን ያሳያል እንጂ ከዚያ በኋላ በዝናብ አለመራሱን አያረጋግጥም። ስለዚህ የፓሌቱን እርጥበት በመለኪያ ማየት፣ በዝናብ ቀን አለመጫን፣ ከማምረቻ መስመር ገና ትኩስ ሆኖ የወጣ ምርትን አለማስገባት፣ በግድግዳው ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ያለባቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች መስቀልና የላይኛውን ረድፍ በወፍራም ወረቀት መሸፈን ይገባል። ካርቶኖቹ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ቀጥ ብለው ቢደረደሩ ሸክሙን የሚችለው ጠንካራው ማዕዘናቸው ስለሆነ፣ እንደ ጡብ ተጠላልፈው ከሚደረደሩት የበለጠ ይችላሉ።

ሙቀትን በተመለከተ፣ በፀሐይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቸኮሌት ከዚያ በጣም ቀድሞ ይቀልጣል፤ አንዳንድ የቆርቆሮ ምግቦችም በፋብሪካው ሙቀት ያልሞቱ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች ነቅተው ሊያኮመጥጧቸው ይችላሉ። እንዲህ ላለው ዕቃ ከመርከቡ ወለል በታች እንዲጫን መጠየቅ፣ ለቸኮሌት ደግሞ ሙቀት የሚቆጣጠር ኮንቴይነር መከራየት ተገቢ ነው።

ሰነዶቹ፣ ማለትም ኢንቮይስ፣ የጭነት ዝርዝር፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት፣ የጤና ምስክር ወረቀትና የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ የምርቱን ስም፣ ክብደቱንና የካርቶኑን ቁጥር በአንድ ቃል መናገር አለባቸው። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደቱ ያልተገለጸ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። በአንድ ሰነድ ላይ የተሳሳተ አኃዝ ጭነቱን በወደብ ለቀናት ሊያስቆምና የዲመሬጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ በወደብ ሲቆይ የሚከፈል፣ ወጪ ሊያስከትል ይችላል።

የሽያጭ ውሉ በኮንቴይነር ለሚላክ ዕቃ ከኤፍኦቢ (የሻጩ ኃላፊነት ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ከሚቆይበት ውል) ይልቅ ኤፍሲኤ (ኃላፊነቱ ዕቃው ለአጓጓዡ ሲሰጥ የሚያበቃበት ውል) ቢሆን ይመረጣል፤ ኮንቴይነሩ ለአጓጓዡ ከተሰጠ በኋላ መርከብ እስኪጭነው የሚደርሰው ጉዳት በሻጩ ላይ አይወድቅምና። በሲአይኤፍ (ሻጩ የመርከብ ጭነቱንና የመድኑን ወጪ በሚከፍልበት ውል) ሻጩ እንዲገዛ የሚገደደው መድን አነስተኛውን ሽፋን ሲሆን፣ ይህ ሽፋን በጤዛ ለረጠበ ካርቶን አይከፍልም፤ ስለዚህ ሰፊውን፣ ማለትም የ«ኤ» አንቀጽ ሽፋን፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። እርሱም ቢሆን ለደካማ ማሸጊያ እንደማይከፍል መታወስ አለበት።

በመጨረሻም በሩ ከመዘጋቱ በፊት የእያንዳንዱ ረድፍ፣ ከተዘጋም በኋላ የፕሎምፑ (በሩ የሚታሸግበት ባለ ቁጥር ማሰሪያ) ቁጥር ፎቶ ይነሣ፤ ከየምርት ባቹም (በአንድ ዙር ከተመረተው) ናሙና በመጋዘን ይቀመጥ። ተቀባዩ ፕሎምፑን ከሰነዱ ጋር ሳያመሳክር እንዳይከፍት፣ ጉዳት ካየም ዕለቱን በጽሑፍ ለአጓጓዡ እንዲያሳውቅ አስቀድሞ ይነገረው፤ በብዙ አገሮች በሚሠራበት የባህር ጭነት ሕግ፣ በውጭ የማይታይ ጉዳት በ3 ቀን ውስጥ ካልተገለጸ ዕቃው በደህና እንደ ደረሰ ይገመታል፤ ክስም በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል።