«በጀት የለንም» ሲሏችሁ፦ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ዙሪያ ወላጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ያለን ሐበሻ ወላጆች ልጃችን ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል ስንባል ቶሎ የሚመጣብን ጥያቄ «ስንት ያስከፍላል?» ነው። ምንም አያስከፍልም። ልጁ 3 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ምዘናውም አገልግሎቱም በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤቱ «በጀት የለንም» ሲል አንገት ደፍቶ መውጣት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የገንዘብ ችግሩ እውነት መሆኑን እኔም አልክድም። ሕጉ ሲወጣ የፌዴራል መንግሥቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ለአንድ ተማሪ ከሚወጣው አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን እንደሚሸፍን ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ የሚልከው ግን ከ15 በመቶ በታች ነው፣ ቀሪውን ስቴቱና ካውንቲው ይሸከሙታል። ስለዚህ የልጃችሁ ድጋፍ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የተቀመጡት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሲጨነቁ የምር ነው። ግን የእነሱ ጭንቀት የልጃችሁን መብት አይቀንሰውም። አይኢፒ (IEP፣ ልጁ የሚሰጠው ድጋፍ የሚጻፍበት የግል ዕቅድ) የሚጻፈው ልጁ በሚያስፈልገው ልክ እንጂ ካዝናው ውስጥ ባለው ልክ አይደለም። እምቢ ካሏችሁ «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ብዙ ጊዜ ደግሞ «በጀት የለም» ብሎ በወረቀት ለመፈረም የሚደፍር የለም።

በቃል ብቻ መጠየቅ። ልጅ ስታደርሱ በር ላይ ለአስተማሪዋ የነገራችኋት ነገር የትም አይመዘገብም። አጭር ኢሜይል ይበቃል፦ «ልጄ እንዲመዘንልኝ እጠይቃለሁ»፣ ቀንና ስም።

ታላቅ ወንድሙን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ። እባካችሁ ይቅር። አስተርጓሚ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው፣ በነፃ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የስብሰባውን ሰነዶች ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀናት በፊት ሊሰጧችሁ ይገባል። ቤት ወስዳችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ከተፈረመ በኋላ አለመከታተል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው። ልጄ በሳምንት 30 ደቂቃ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ተጽፎለት ነበር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እጁ ላይ ኮከብ ስቲከር ተለጥፎለት ይመጣል። ከዚያ ስቲከሩ ቀረ። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እኔም ሥራ ሲበዛብኝ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ስጠይቅ ለካ ቴራፒስቷ ሥራ ለቃለች፣ ምትክ አልተገኘም፣ ለእኛም የነገረን ሰው የለም። ሁለት ወር! ወረቀቱ ላይ ግን አገልግሎቱ እንዳለ ነው። ያኔ ነው ያመለጠው ሰዓት በማካካሻ ሊሰጥ እንደሚችል ያወቅኩት። የጎደሉትን ቀናት ጽፌ ላክሁ፣ ተጨማሪ ሰዓት ተመደበለት። ስለዚህ አይኢፒው ላይ ያሉትን ደቂቃዎች ፍሪጁ ላይ ለጥፉና በየወሩ «ስንቱ ተሰጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። በትክክል የሚሠራ ትምህርት ቤት በዚህ አይቀየምም።

የበጀት ክርክርን ከልጁ ስብሰባ ጋር ማምታታት። አይኢፒ ስብሰባ ላይ ስለ ካውንቲው ገንዘብ መሟገት ጉልበት መጨረስ ነው፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ገንዘቡን አይወስኑም። የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው፣ እኛ ሐበሾች ደግሞ እዚያ አንታይም። ሜሪላንድ ውስጥ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። ስለዚህ የትምህርት ቦርዱ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው በብርዱ ወቅት (ዊንተር) ነው፣ የካውንቲው ምክር ቤት (ካውንስሉ) ደግሞ ስፕሪንግ ላይ ያጸድቃል። ስንት ስፒች ቴራፒስት፣ ስንት ረዳት መምህር እንደሚቀጠር የሚቆረጠው ያኔ ነው። ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቷችሁ እንደኔ ልጅ ማክሰኞዎች ልጃችሁን ስላመለጠው አገልግሎት ብትናገሩ ይሰማሉ። ብቻ ተናጋሪ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፣ ቦታውም ቶሎ ይሞላል፤ የምዝገባውን ቀን ካሁኑ ከቦርዱ ድረ ገጽ ላይ እዩት።