በሐዋሳ የግድግዳ ሥዕል የሚሠሩ ወጣቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የግድግዳ ሥዕል የወጣት ድምፅ ነው። አዳራሽ አይፈልግም፣ መግቢያ አያስከፍልም፣ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ የሚሄደው ሁሉ ያየዋል። ይህ ድምፅ ግን በሁለት መንገድ ይጠፋል፤ ወይ ቀለሙ ይላጣል፣ ወይ መብቱ ሳታውቁት ወደ ሌላ ሰው ያልፋል።

የተዋሱትን ነፃነት መሳል

«ነፃነት» የሚል ርዕስ ሲሰጥ ብዙ ቡድን ስልክ ይከፍትና የተበጠሰ ሰንሰለት፣ የተጨበጠ ቡጢ፣ የአፍሪካ ካርታ ይገለብጣል። አላፊ አግዳሚው እነዚህን ስለጠገባቸው ዞር ብሎም አያይም። እ.ኤ.አ. በ1990 የሴኔጋሏ ዳካር ወጣቶች «ሴት ሴታል» በተባለው ዘመቻ መጀመሪያ ሰፈራቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ እንደ ሼኽ አማዱ ባምባ ያሉ የራሳቸውን ታላላቅ ሰዎች ሳሉ። ኃይሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሐዋሳም የራሷ አላት፦ አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወርድ ልጅ፣ ፈረቃ ጨርሳ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትወጣ ወጣት፣ ለፍቼ ጨምበላላ ወደ ጉዱማሌ የሚተም ሕዝብ። ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ቀን ደብተር ይዛችሁ እዚያው ተቀመጡ፤ ሃያ ፈጣን ንድፍ ሥሩና የሰፈሩን ሰው «ይሄ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀው ንድፉ ገና ነው።

ግድግዳውን ሳይመረምሩ መቀባት

ከሁሉ የሚያከስረው ይህ ነው። በአዲስ ልስን ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ቀለም የሚበላ ባሕርይ አለው፤ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው ከተቀባ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ቦታ ቦታውን ይነጣል። በተለይ የዘይት ቀለም በአዲስ ሲሚንቶ ላይ ወደ ሳሙናነት ይለወጥና ይላጣል፤ ለቤት ውጪ ግድግዳ የተሠራ፣ በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ቀለም ተጠቀሙ።

እርጥበቱን ለማወቅ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃችሁ አሳድሩ። ጠዋት ከላስቲኩ ጀርባ ላብ ካለ ግድግዳው አልደረቀም። የቆየ ግድግዳ ከሆነ በመዳፋችሁ እሹት። ነጭ ዱቄት ከተነሳ ኖራ ወይም ያረጀ ቀለም ነው፣ አዲሱ ቀለምም ከእሱ ጋር ተያይዞ ይወርዳል፤ ፈግፍጉት፣ እጠቡት፣ ሲደርቅ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ) ቀቡት። እንደ ጨው የነጣ ነገር ካያችሁ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጥረጉ። በውሃ ብታጥቡት ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል፣ በኋላም ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ (ከጣሪያ ይሁን፣ ከቧንቧ ይሁን፣ ከመሬት) ሳታውቁ ብሩሽ አታንሱ። ከታች ያለው 40 ሳንቲ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ የሚረጭበት ስለሆነ ፊት ወይም እጅ አታሳርፉበት፤ በአንድ ጥቁር ቡናማ ቀለም ብትዘጉት በየዓመቱ ማደስ ይቀላል።

ቀለም በግምት መግዛት

12 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 36 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 72 ይሆናል። አንድ ሊትር ለስላሳ ልስን ላይ 8 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ለመደቡ (ከሥዕሉ በታች ለሚቀባው) ብቻ 9 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሻካራ ከሆነ 12 ያዙ። ያነሰ እንደሆነ ወጣቱ የሚያደርገው ይታወቃል፣ ውሃ ይጨምራል። ለ4 ሊትር ቀለም ከ400 ሚሊ ሊትር በላይ ውሃ ቀለሙን ከግድግዳው የሚያጣብቀውን ማያያዣ ያሳሳውና ቀለሙ በዓመቱ በእጅ ሲነካ እንደ ዱቄት ይነሳል። በቅልቅል የምታወጡትን ቀለም ደግሞ የሚበቃችሁን ሁሉ አንዴ ቀላቅላችሁ በክዳን ያዙ፤ ሁለተኛ ቅልቅል ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ፀሐይ ቶሎ ይበላቸዋል፤ የሸክላ ቀይና የአፈር ቢጫ ግን ከብረት ኦክሳይድ ስለሚሠሩ ይቆያሉ።

ሰዓትና ወራት አለመምረጥ

ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚያይ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ይግላል፣ ስለዚህ ጠዋት ቀቡት። የጋለ ግድግዳ ላይ ቀለሙ ሳይያያዝ ላዩ ብቻ ይደርቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይመረጣል።

በዓይን ልክ ማሳደግ

ቀርበው ሲሥሉት ያማረ ፊት ከመንገዱ ማዶ የተጣመመ ይሆናል። ንድፉን በአንድ ለአሥር ሥሩ፤ ለዚያው 12 በ3 ሜትር ግድግዳ 120 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት መሆኑ ነው። ወረቀቱን በ5፣ ግድግዳውን በ50 ሳንቲ ሜትር ካሬ ከፋፍሉ። በሁለቱም 144 ካሬ ይወጣል፤ አንድ በአንድ ታሻግራላችሁ። በየሰዓቱ ወርዳችሁ መንገዱን ተሻግራችሁ እዩት።

ጽሑፍ ካለ በአማርኛ ፊደሉ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ሀ እና ሁ የሚለዩባት ትንሽ ቅጥያ በባጃጅ ለሚያልፍ ሰው አትታይም። ሲዳምኛ ከሆነ አቀላጥፎ የሚጽፍ ሰው ያርመው።

ያለ ውል መሥራት

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለመብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያዘዘው ሰው ነው። ዝም ካላችሁ ሥዕላችሁን ቲሸርት ላይ ያትመዋል፣ ማስታወቂያ ያደርገዋል፣ እናንተም ጥያቄ የላችሁም። ስማችሁ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ግን የእናንተው ነው። «የማባዛት መብት የሠዓሊዎቹ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ አስገቡ። ሥዕሉን ለማጥፋት ሲያስቡ ከአንድ ወር በፊት እንዲነግሯችሁ፣ የቀለሙ ዋጋ ሥራ ሳይጀመር እንዲከፈል፣ የቡድኑ ክፍፍልም በስም በስም እንዲጻፍ አድርጉ። የግድግዳው ባለቤት ቢፈቅድም ቀበሌውን ወይም ክፍለ ከተማውን በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ የፈቃዱን ኮፒ መወጣጫው ላይ ለሚወጣው ልጅ በኪሱ ስጡት።

ፊርማችሁን ከጭቃው መስመር በላይ፣ በሰው ደረት ከፍታ አድርጉት፤ የሁላችሁንም ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት።