የጉበት ቫይረስ አለባችሁ ከተባላችሁ ስለ ዴልታ እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ደሴ ላይ ብዙ ሰው "የጉበት ቫይረስ አለብህ" የሚባለው ምንም ሳያመው ነው። ደም ሊለግስ ሄዶ፣ ለእርግዝና ክትትል ገብታ፣ ወይም ለአረብ አገር ጉዞ ሜዲካል ሲታይ። ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግራ ይገባዋል። አጎቴም እንዲሁ ነው የሆነው፤ የተገኘበት ሄፓታይተስ ቢ ነበር። ኑሮው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለክትትል ሲመላለስ አብሬው የምሄደው እኔ ነኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ስለ ሁለተኛው ቫይረስ፣ ስለ ዴልታ፣ የነገረን ሰው አልነበረም። እናንተ ያን ያህል እንዳትቆዩ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዴልታ፣ ወይም ሄፓታይተስ ዲ፣ በጣም ትንሽ ቫይረስ ነው። የላይ ልብሱን የሚዋሰው ከሄፓታይተስ ቢ ነው። የደሴን ብርድ ያለ ጋቢ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ዴልታም የቢን ጋቢ ካልደረበ ከአንዱ የጉበት ሴል ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት አይሆንለትም። ያ ጋቢ ላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ "ኤች ቢ ኤስ ኤጂ" ተብሎ የሚጻፈው ራሱ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ማሪዮ ሪዜቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ውጤቱን ሲያሳውቅ ነገሩ የመሰለው የቢ አንድ ክፍል ነበር። ራሱን የቻለ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን አንብቡ

"ኤች ቢ ኤስ ኤጂ" ከሚለው ትይዩ ኔጋቲቭ ካለ የዴልታ ስጋት የለባችሁም ማለት ይቻላል። ለቢ መከተቡ ይበቃችኋል፤ የቢ ክትባት ዴልታንም አብሮ ይከላከላል። ፖዘቲቭ ካለ ቢ ደማችሁ ውስጥ አለ። ከ6 ወር በኋላም ካልጠፋ ሥር የሰደደ ይባላል።

ደረጃ 2፦ ዴልታን በስሙ ጥሩት

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ "የዴልታ ምርመራ ተደርጎልኛል ወይ?" በሉ። ማፈር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች 5 በመቶ ያህሉ ዴልታም አለባቸው። መጀመሪያ የሚታየው ሰውነት ለዴልታ የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁንም እየተራባ መሆኑን የሚለየው ፒሲአር፣ ማለትም ቫይረሱን ራሱን ደም ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ፣ ነው። ምርመራው በሄዳችሁበት ቦታ ከሌለ ናሙና ወዴት መላክ እንደሚቻል ጠይቁና መልሱን አስጽፉ።

አንድ ምልክት በተለይ ልብ በሉ። የአጎቴ የቢ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ በጣም ትንሽ ነበር፤ ሁላችንም እፎይ አልን። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው የጉበት ኢንዛይሙ ግን በየጊዜው ከፍ እንዳለ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠልን አልነበረም። ዴልታ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቢን ይጫነዋል፤ የቢ ቁጥር ይወርዳል፣ ጉበቱ ግን መጎዳቱን አይተውም። ስለዚህ "ቫይረሱ ትንሽ ነው" ስትባሉ "ታዲያ ኢንዛይሙ ለምን ከፍ አለ?" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። እኛ ይህቺን ጥያቄ የጠየቅናት ዘግይተን ነው፤ እስካሁን ትቆጨኛለች።

ደረጃ 3፦ መቼ እንደገባ አስቡ

ሁለቱ ቫይረሶች አንድ ላይ ከገቡ ሕመሙ ሊከብድ ይችላል፤ ሆኖም አብዛኛው አዋቂ ሁለቱንም ያባርራቸዋል። ቢ ቤቱን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ዴልታ ከመጣ ግን ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ሥር ይሰዳል። ጉበቱም ቢ ብቻውን ካለበት ሰው ቀድሞ ይጠባሰሳል፤ የካንሰር ስጋቱም ከ2 እስከ 6 እጥፍ ይጨምራል።

ደረጃ 4፦ ሕክምናውን አታምታቱ

ለቢ የሚሰጠው ቴኖፎቪር ዴልታን አይነካውም። ያም ሆኖ በራሳችሁ አታቁሙት፤ ቢ ተመልሶ ሊያገረሽ ይችላል። ለዴልታ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው በሳምንት አንዴ የሚወጋው ኢንተርፌሮን ነው፤ ቢያንስ 48 ሳምንት ይወስዳል፣ የሚሠራውም ለሁሉም ሰው አይደለም። ቡሌቪርታይድ የተባለው አዲሱ መድኃኒት በአውሮፓ የተፈቀደው በእነሱ አቆጣጠር በ2020 ነው። መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ ክትትሉ አይቅር፤ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ተነሡ።

አረቄውንም ጠላውንም ተዉ። ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ ነው" ተብሎ ቅጠል ማጠጣትና በጋለ ብረት መተኮስ እኛ ጋ የቆየ ነው። የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ መተኮሱም ቫይረሱን አያወጣውም። ሆድ ካበጠ፣ ደም ካስመለሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሰውየው መቀባዠር ከጀመረ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ደረጃ 5፦ ቤተሰቡን አስመርምሩ፣ ስኒውን መልሱ

የአጎቴ ውጤት የተሰማ ሰሞን ስኒው ተለየ። ጆሮዋ የተሰበረ ስኒ ነበረች። ከረከቦቱ ወርዳ መስኮት ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች። እሱም ዝም ብሎ ከዚያ ይጠጣ ነበር። እንዲህ አታድርጉ። ቢም ዴልታም በስኒ፣ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፉም። መንገዳቸው ደምና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። መለየት ያለበት ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ነው። ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥና ንቅሳት በአንድ ምላጭ ወይም መርፌ ለብዙ ሰው ሲሠራ አደገኛ ነው። ቢ ከእናት ወደ ልጅም በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ለአዋላጇ አስቀድማችሁ ንገሯት።

የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወንድምና እህት ሁሉም ይመርመሩ። ኔጋቲቭ የሆነው 3 ጊዜ ይከተብ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። የእኛ አገር ሕፃናት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ያገኙታል። ከዚያ በፊት የተወለዱት ትልልቆቹ ናቸው የሚረሱት። የአጎቴ ሦስት ልጆች ተመርምረው ኔጋቲቭ ሆኑ፣ ተከተቡም። ካርዳቸው አሁን ከአባታቸው የላብራቶሪ ወረቀት ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ ነው። ስኒዋም ረከቦቱ ላይ ተመልሳለች።