በረራ መሃል ጆይስቲክ ሲጠፋ፦ ጥፋተኛውን እንዴት እናገኘዋለን?

ጣና ከስሬ ነው። ጎማ አውርጃለሁ፣ ፍላፕ ከፍቻለሁ፣ የባሕር ዳር ማኮብኮቢያ ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል። ድንገት ላፕቶፑ «ቱ-ዱም» አለ። ጆይስቲኩን (አውሮፕላኑን የምነዳበትን እጀታ) ብስበው አውሮፕላኑ አይታዘዝም። ቀኝ ክንፉን ዘንበል አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ወረደ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ዛሬም ጣልከው?» አለችኝ። ድምፁን ለምዳዋለች። አውሮፕላኑ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ የምበረው በፍላይት ሲሙሌተር፣ በረራን በሚያስመስል ፕሮግራም ነው።

ጆይስቲኩን ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ። ተበላሸ ብዬ በማግስቱ ሌላ የምገዛው ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማውረድ። የኢንተርኔት ፓኬጄን በላብኝ እንጂ ምንም አልፈየደም። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ጆይስቲኩ ጤነኛ ነበር፣ ድራይቨሩም ጤነኛ ነበር። እኔ ነኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ያልጠየቅሁት። ጥያቄው «ለምን ይጠፋል?» ሳይሆን «መቼ ይጠፋል?» ነው።

በመጀመሪያ ድምፁን ስሙ

ዊንዶውስ አንድ ዕቃ ከዩኤስቢ ሲለያይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ ያሰማል። መልሶ ሲያገኘው ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ። የሞተሩ ጩኸት እንዳይውጠው የሲሙሌተሩን ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ብረሩ።

ድምፁ ከተሰማ ዕቃውን ያጣው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ድምፅ ሳይኖር ጆይስቲኩ ከደነዘዘ ግን ነገሩ ሲሙሌተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ በስታርት መፈለጊያ ላይ «ሴት አፕ ዩኤስቢ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። ጆይስቲኩን ምረጡና «ፕሮፐርቲስ» በሉ። ስታንቀሳቅሱት እዚያ ያለችው የመደመር ምልክት አብራ ከተንቀሳቀሰች ዕቃውም ገመዱም ደህና ናቸው። ሲሙሌተሩ ውስጥ የኮንትሮል ፕሮፋይሉን (የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚያዝበትን) እዩት።

ድምፁን ለሰማችሁት ግን ብዕርና ወረቀት አምጡ። ሦስት አራት ጊዜ እስኪጠፋ ጠብቁና በእያንዳንዱ ጊዜ ምን እያደረጋችሁ እንደነበር ጻፉ። ጆይስቲኩን በኃይል ስትስቡ ወይም ፔዳል ስትረግጡ ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ። ሌላ ዕቃ ስትሰኩ ከሆነ የኃይል እጥረት ነው። ኦቶፓይለት ላይ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ቡና እየጠጣችሁ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ «ይሄ ዕቃ ሥራ ፈቷል» ብሎ አስተኝቶታል።

ገመድና ፖርት

ይሄ ፈጣን ነው። ከላይ የነገርኳችሁን የመፈተሻ መስኮት ከፍታችሁ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ፣ ከዚያም መሃሉን ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት። «ቱ-ዱም» ካለ አገኛችሁት። ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ለውጡት። ስትለውጡ ግን ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ርካሽ የስልክ ገመዶች ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፣ የዳታ ሽቦ የላቸውም። በዚያ ብትሰኩት ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያየውም። ማራዘሚያ ካላችሁም አውጡትና ሞክሩ። ለዩኤስቢ 2.0 ገመድ የተቀመጠው ገደብ 5 ሜትር ነው።

ዴስክቶፕ ለምትጠቀሙ፦ ከፊት ያለውን ፖርት (የዩኤስቢ ቀዳዳ) ተዉትና ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሰኩ። የፊቱ በውስጥ በኩል በቀጭን ገመድ የተቀጠለ ነው፤ እሱም ይላላል።

ኃይል፣ የእኔ ጉድ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የእኔ አውሮፕላን ጣና የገባው በዚህ ነው።

አንድ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900። ለአንድ ጆይስቲክ ይበቃል። ግን ፖርት አነሰኝ ብላችሁ ባለ አራት ቀዳዳ ሀብ (አንዱን ፖርት ለብዙ የሚያከፋፍል ዕቃ) ከሰካችሁ ያችኑ ለአራት ማካፈል ነው። ጆይስቲክ፣ መብራት ያለው ስሮትል (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ)፣ ፔዳል፣ ማውስ። ሀብ ቀዳዳ ይጨምራል እንጂ ኃይል አይጨምርም።

እኔ ደግሞ ከዚያ ብሼ ነበር። ባሕር ዳር ይሞቃል፤ ላፕቶፑ ስር ማቀዝቀዣ ፋን አለኝ። ፋኑን የሰካሁት ሀቡ ላይ። መብራት ሲጠፋ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ይዞ ይመጣና ያችው ሀብ ላይ ቻርጅ ይሰካል። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩትን ሳየው ከአምስቱ አራቱ «ወንድሜ ስልክ ሰካ» ይላል። ልጁ ሳያውቅ አራት አውሮፕላን ጥሏል!

መፍትሔው እንዲህ ነው። ጆይስቲኩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ስልክ፣ ፋንና ጌጠኛ መብራት ከሱ ራቅ ይበሉ። ዕቃችሁ ብዙ ከሆነ የራሱ አዳፕተር ያለው ሀብ ፈልጉ፤ ኃይሉን ከግድግዳ ስለሚያገኝ ላፕቶፑን አያስቸግርም።

ይህ ሀብ ለእኛ አገር አንድ ጣጣ አለው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሀቡ ግን አብሮ ይሄዳል። አራቱም ዕቃ ባንዴ ድርግም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ካላችሁ የሀቡን አዳፕተር እዚያ ላይ ሰኩት። የሚበላው ጥቂት ስለሆነ አይከብደውም።

ዊንዶውስ እንዳያስተኛው

ሁለት ቦታ ነው የሚስተካከለው። አንደኛው፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ከዚያ ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ። ዝርዝሩ ውስጥ «ዩኤስቢ ሴቲንግስ» የሚለውን ዘርግታችሁ «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ»ን «ዲሴብልድ» አድርጉት። ላፕቶፕ ላይ ሁለት መስመር ታያላችሁ፦ አንዱ በባትሪ ሲሠራ፣ ሌላው ሲሰካ። ሁለቱንም አጥፉ። ብዙ ሰው የሲሰካውን ብቻ ያጠፋና መብራት በሄደ ቁጥር ጆይስቲኩ ይጠፋበታል፤ ከዚያ «መብራቱ አቃጠለብኝ» ይላል።

ሁለተኛው፦ ስታርት ላይ በቀኝ ክሊክ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። ከታች «ዩኒቨርሳል ሲሪያል በስ ኮንትሮለርስ» ስር «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» የሚል አንድ ወይም ከዚያ በላይ አለ። እያንዳንዱን ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ «ፓወር ማኔጅመንት» ግቡና ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። አንዱን ብቻ አድርጋችሁ አትውጡ፤ ጆይስቲኩ የትኛው ላይ እንዳለ አይታወቅም። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ከሁለቱ አንዱ ላይታይ ይችላል፤ ያገኛችሁትን ሥሩ። ስትጨርሱ ሪስታርት። ትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት ከገባ በኋላም አንዴ ተመልሳችሁ እዩት።

ፖርቱን ምልክት አድርጉበት

አንዳንድ ዕቃ ቀዳዳ ሲቀየርበት ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ የመጣ ይመስለዋል። ሲሙሌተሩም ያስተካከላችሁትን ቁልፍ ሁሉ ይረሳል። በደህና የሠራላችሁ ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ፕላስተር ለጥፋችሁ «ጆይስቲክ» ብላችሁ ጻፉበት። የእኔ ላይ አሁንም አለ።

ፈትኑት

አንድ በአንድ ነው መቀየር ያለባችሁ። ሁሉንም ባንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንዳዳናችሁ አታውቁም፤ ሲመለስባችሁም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

እኔ ለፈተና የምጠቀመው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ነው። ቀጥታ ከሄዳችሁ የጮቄን ተራራ ታልፋላችሁ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከፍታችሁን ቀድማችሁ ያዙ። ከዚያ የዓባይ በረሃ ይመጣል። ጮቄ እስኪያልፍ ጆይስቲኩን እያንቀሳቀሳችሁ በእጅ ብረሩ፤ ገመዱ የሚፈተነው ያኔ ነው። ከዚያ ኦቶፓይለት አብርታችሁ እጃችሁን አንሱ፤ የማስተኛቱ ነገር የሚፈተነው ደግሞ እዚህ ነው። ከተቻለ መሃል ላይ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት፣ መብራት የሄደ ያህል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከጠፋ ጆይስቲኩን ጎረቤት ወይም ጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። እዚያ ከሠራ የእናንተ ኮምፒውተር ፖርት ነው የደከመው። እዚያም ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሽቦው ገመዱ ወደ መቀመጫው በሚገባበት አንገት ላይ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ስልክ የሚጠግን ልጅ ጋር ውሰዱት። በተለመደው ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ ነው ያለው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። የተጎዳውን ቦታ ቆርጦ መልሶ ይበይደዋል። ከመክፈቱ በፊት ግን የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ አንዳንድ ፋብሪካ ቀለሙን እንደፈለገው ያደርገዋል።