ሮሜዎና ዡልየትን የሁለት ወንዶች ዘመናዊ የፍቅር ታሪክ አድርጎ እንደገና መጻፍ፦ እንዴት እንደሚሠራ

ለዘመናት ሲነበብና ሲታይ የኖረን አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ወስዶ የሁለት ወንዶች ፍቅር አድርጎ እንደገና መጻፍ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብዙ ጀማሪዎች የሴቷን ስም በወንድ ስም ለውጠው፣ ግሱንም ከአንስታይ ወደ ተባዕታይ አዙረው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ከዚህ የሚወጣው ድርሰት ግን የቀድሞውን ታሪክ ኃይል ያጣል፤ ለአዲሶቹ አፍቃሪዎችም የራሳቸው የሆነ ሕይወት አይሰጣቸውም። እዚህ የሚቀርበው አሠራር በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ መከራው ከፍቅሩ ሳይሆን ፍቅሩን ከከበቡት ሰዎች ጥል፣ ከችኮላና በጊዜው ካልደረሰ መልእክት መምጣት አለበት። ምሳሌያችን በከበደ ሚካኤል ትርጉም አማካይነት የአማርኛ አንባቢ ከቆየ ጀምሮ የሚያውቀው የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» ነው። ቦታውንም ተውኔቱ ከሚፈጸምባት የጣሊያን ከተማ ከቬሮና አናወጣውም። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱም ወራቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ዋናውን ድርሰት ፈታትቶ ማየት

ተውኔቱን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ አንዴ ለደስታዎ፣ ሁለተኛውን እርሳስ ይዘው። በሁለተኛው ንባብ ታሪኩን ወደፊት የሚገፉትን ነገሮች ብቻ በየተራ ይጻፉ፦ የሁለቱ ቤተሰቦች የቆየ ጠብ፣ ጭንብል በተለበሰበት ግብዣ ላይ የሆነው መተያየት፣ በመነኩሴው በአባ ሎሬንዞ እጅ የተፈጸመው ምስጢራዊ ጋብቻ፣ የዡልየት ዘመድ የሆነው የቲባልት በሮሜዎ እጅ መገደልና የሮሜዎ መሰደድ፣ ዡልየትን ፓሪስ ለተባለው ወጣት መኳንንት ለመዳር የተያዘው ጥድፊያ፣ የእንቅልፍ መድኃኒቱ፣ በመጨረሻም ሳይደርስ የቀረው ደብዳቤ። ከእያንዳንዱ ጎን ያ ነገር በታሪኩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ለምሳሌ የእንቅልፍ መድኃኒቱ ሥራ በሕይወት ያለን ሰው በሁሉም ዘንድ ሞተ ማሰኘት ነው፤ እርስዎም መጠበቅ ያለብዎት ይህንን ሥራ እንጂ ብልቃጡን አይደለም።

ሼክስፒር ራሱ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ታሪኩን ያገኘው አርተር ብሩክ በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም ሲሆን፣ ከብሩክም በፊት የጣሊያን ተራኪዎች ሲቀባበሉት ኖረዋል። በብሩክ ግጥም ነገሩ ወራትን ይፈጃል፤ ሼክስፒር ግን አምስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጠቅልሎ አስገባውና ችኮላን ከታሪኩ ዋና ገዳዮች አንዱ አደረገው። የእርስዎም ሥሪት ሳምንት ባይሞላ ይመረጣል። በተጨማሪም ሴቶች በእንግሊዝ የሕዝብ ቲያትር መተወን የጀመሩት ከ1660 ወዲህ ስለሆነ፣ ተውኔቱ በመጀመሪያ በታየበት መድረክ ላይ ዡልየትን ይተውን የነበረው ወጣት ወንድ ነበር። የፍቅር ቃላቱ ገና ከጅምሩ በሁለት ወንዶች አፍ የተነገሩ ናቸውና በእጅዎ የያዙት ሥራ ለታሪኩ ባዕድ አይደለም።

2. እንቅፋቱን መምረጥ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ደረጃ ነው፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ድርሰት በኋላ በጥሩ ቋንቋ አይድንም። በዋናው ተውኔት ውስጥ ወንድ ሴትን መውደዱን እንደ ጥፋት የሚቆጥር አንድም ሰው የለም። ጥፋቱ የሚመነጨው ከሁለቱ ቤቶች ጠብ ነው። እርስዎ ሁለቱንም ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ፍቅር «ወንድና ወንድ ናቸው» ብለው የሚቃወሙ ካደረጓቸው፣ ሳያስቡት አስታርቀዋቸዋል ማለት ነው፤ በአንድ ጥላቻ የተስማሙ ሁለት ቤቶች ባላንጣ መሆናቸው ይቀራልና። ያን ጊዜ በእጅዎ የሚቀረው ሌላ ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ቢሆንም፣ የሮሜዎን ስም መያዝ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሁለቱን እንቅፋቶች ለያይተው ያቁሙ። በእኔ አስተያየት የሚሻለው የሮሜዎ እናት ልጇ ወንድ እንደሚወድ ከዓመታት በፊት ያወቀችና የተቀበለች እንድትሆን ማድረግ ነው፤ የማትቀበለው የዚያን ቤት ልጅ መሆኑን ብቻ ነው። በጁሊዮ ቤት ደግሞ፣ ዡልየትን ጁሊዮ ብለናታል፣ ስለ ጉዳዩ ማንም ተናግሮ አያውቅም። ዝምታው ራሱ ሕግ ሆኗል። በዚህ አደረጃጀት አንዱ ቤት ልጁን ቢያቅፍም ጠቡ ግን ይገድላል፤ አንባቢም አደጋው ከየት እንደሚመጣ እርግጠኛ መሆን ስለሚያቅተው በስጋት ያነብባል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የሚያፍነው የዘርና የማዕረግ ልዩነት ምን ያህል ገጽ በገጽ እየተገነባ እንደሄደ ያስታውሳል። የእርስዎም ጠብ እንዲሁ የሚጨበጥ ታሪክ ይኑረው።

በቬሮና አጠገብ ባለችው ቫልፖሊቼላ አማሮኔ የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ ይጠመቃል፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ አየር በሚገባበት ሰገነት ላይ ተዘርግቶ ወራት እየደረቀ ይቆያል። ሁለቱን ቤቶች አንድ ማድረቂያ ሰገነት በጋራ ይጠቀሙ የነበሩ ወይን አምራቾች እናድርጋቸው። ከአርባ ዓመት በፊት ሰገነቱ ከነፍሬው ተቃጥሏል፣ እሳቱን የለኮሰው ማን እንደሆነም እያንዳንዱ ቤት የራሱን ታሪክ ለልጆቹ ያወርሳል።

3. ቀኑን መቁረጥ

«በዘመናችን» ማለት አይበቃም፤ ዓመቱንና ወሩን ይወስኑ። ሕግ፣ ስልክና መንገድ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ፣ ታሪክዎ የሚቻለውና የማይቻለው የሚታወቀው ቀኑ ሲቆረጥ ነው። እኔ የመጋቢት 2020ን መጀመሪያ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

በሼክስፒር ተውኔት የአባ ሎሬንዞ ደብዳቤ ሮሜዎ ወደተሰደደባት ከተማ ወደ ማንቱዋ ሳይደርስ የቀረው፣ መልእክተኛው መነኩሴ ወረርሽኝ ገብቶበታል ተብሎ በተጠረጠረ ቤት ውስጥ ስለተገኘና የከተማው ተቆጣጣሪዎች በሩን ስላሸጉበት ነው። እሑድ መጋቢት 8 ቀን 2020 የጣሊያን መንግሥት በኮሮና ምክንያት መላውን የሎምባርዲያ ክልልና ሌሎች 14 አውራጃዎችን ሲዘጋ፣ በሎምባርዲያ የምትገኘው ማንቱዋ ተዘጋች፤ ከእርሷ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቬሮና ግን ከተዘጉት መካከል አልነበረችም። እገዳው መላ አገሪቱን ያዳረሰው ከመጋቢት 10 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለሁለት ቀን ያህል አንደኛው አፍቃሪ በተዘጋው ወገን፣ ሌላው በክፍቱ ወገን ሊገኝ ይችል ነበር። የጥንቱ ታሪክ እንቅፋት ከነስፍራው በእውነተኛው ዘመን ተደግሞ ሲገኝ አለመጠቀም ጥፋት ይመስለኛል። ታሪኩ ሐሙስ መጋቢት 5 ይጀምር፣ ሰኞ ሌሊት ይለቅ።

ቀኑ ከተቆረጠ ሌላው በራሱ ይከተላል። የጣሊያን ሕግ ከ2016 ጀምሮ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በሕግ የታወቀ ጥምረት ፈቅዷል፤ ይህ ግን በማዘጋጃ ቤት ሹም ፊት፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት የሚፈጸምና በመዝገብ የሚሰፍር ስለሆነ ለምስጢር አይመችም። በዚህ ምክንያት አባ ሎሬንዞ ያስፈልጉናል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካህናት እንዲህ ላሉ ጥንዶች ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ አጭር ቡራኬ እንዲሰጡ የፈቀደችው በታኅሣሥ 2023 ነው፤ ያም ቢሆን ጋብቻ እንዳይመስል የሠርግ ልብስም ሆነ የሠርግ ቃል እንዳይኖርበት አዝዛለች። በ2020 ግን ይህ ፈቃድ አልነበረም። አባ ሎሬንዞ በባዶው የዕቃ ቤት ውስጥ እጃቸውን በሁለቱ ራስ ላይ ሲጭኑ ደንብ እየጣሱ እንደሆነ ያውቃሉ። ታሪኩን ወደ 2024 ቢያመጡት ይህ ፍርሃታቸው ይላላል።

4. ዕድሜ

ዡልየት በተውኔቱ 14 ዓመት አልሞላትም። ይህንን ፈጽሞ አይውረሱ፤ ሁለቱም ለአካለ መጠን የደረሱ፣ ለምሳሌ የ23 እና የ25 ዓመት ሰዎች ይሁኑ፣ ዕድሜያቸውም በመጀመሪያዎቹ ገጾች በግልጽ ይነገር።

5. እያንዳንዱን ክፍል በዘመኑ መተካት

በደረጃ 1 የጻፉትን ዝርዝር ያውጡና ለእያንዳንዱ ሥራ የዘመኑን ሠራተኛ ይፈልጉለት። በዛሬይቱ ጣሊያን ሰው የገደለ አይሰደድም፤ ይታሰራል። ስለዚህ ቲባልት በግብግብ መካከል ከደረጃ ወድቆ ክፉኛ ይጎዳ፣ ዳኛውም ሮሜዎ እስከ ፍርድ ቀን በቬሮና እንዳይኖር ይከልክለው፤ የጣሊያን ሕግ እንዲህ ያለውን ክልከላ ያውቃል። ፖሊስ ስልኩን ለማስረጃ ሲይዝበት ደግሞ የዘመናዊ ሥሪቶች ሁሉ ፈተና የሆነው «ለምን አልደወለለትም?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። የሚወደውን ሰው ቁጥር በቃሉ የያዘ ወጣት ዛሬ ጥቂት ነው።

ፓሪስ ሴት ትሁንና ፓኦላ እንበላት። እርሷን ሞኝ ወይም ክፉ ማድረግ ቀላል ቢሆንም አይገባም፤ የጁሊዮ ቤተሰብ ዝምታ ያታለለው ልጁን ብቻ ሳይሆን እርሷንም ነው። ጁሊዮ እውነቱን በገዛ አፉ የሚነግራት አንድ ትዕይንት ይስጧት።

የእንቅልፍ መድኃኒቱን ቦታ ለይቶ ማቆያው ይያዘው። ከመታጨቱ ለማምለጥ ሲል ጁሊዮ ራሱ «ትኩሳት አለኝ» ብሎ አባ ሎሬንዞ ዘንድ ይገለል። ሐሳቡ የእርሱ መሆን አለበት፤ ዡልየት መድኃኒቱን የጠጣችው ወዳና ፈርታ ነውና። የተገለለ ሰው አይጎበኝም፣ መጋቢት 8 የወጣው ድንጋጌም ቀብርን ጨምሮ ማንኛውንም ሥነ ሥርዓት በመላ አገሪቱ አግዶ ነበር። «ታሟል» የተባለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ሞቷል» ይሆናል፤ አስከሬን አሳዩኝ ብሎ የሚያጣራም አይኖርም። ሐሰቱ ማንቱዋ ይደርሳል፣ እውነቱን የያዘው ወጣት መነኩሴ ግን ከኬላ ይመለሳል።

6. የመጀመሪያውን ትዕይንት መጻፍ

ሼክስፒር አፍቃሪዎቹን ሲያገናኝ ሁለቱ የሚለዋወጡት ንግግር ተገጣጥሞ አንድ ባለ 14 ስንኝ ግጥም ይሆናል፤ ርእሰ ጉዳዩም የመዳፍ መነካካት ነው። እርስዎ ስንኙን መቅዳት የለብዎትም፣ ሁለቱ ሰዎች አንድን ሐሳብ ተጋግዘው እንዲጨርሱት ግን ያድርጉ። በመጋቢት 4 ድንጋጌ መንግሥት ሰዎች እጅ ከመጨባበጥና ከመተቃቀፍ እንዲቆጠቡ መክሮ ነበር። በወይን አምራቾቹ ራት ላይ፣ እንግዶች ፊታቸውን በሕክምና ጭንብል ሸፍነው በሚገቡበት በር አጠገብ፣ ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«መጨባበጥ ተከልክሏል» አለ ጁሊዮ፣ የተዘረጋለትን እጅ እያየ።
«አልተከለከለም። ቢቀር ይሻላል ነው የተባለው።»
«ልዩነቱ ምንድን ነው?»
«የተከለከለ ነገር ቅጣት አለው። ቢቀር ይሻላል የተባለውን ግን ሰው ራሱ ይመዝነዋል።»
ጁሊዮ ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ አባቱን ፈለገ፤ አላየውም። እጁን ዘረጋ።
«እንግዲህ መዘንኩት» አለ።

ስለ መውደድ አንድም ቃል አልተነገረም። አደጋው፣ ፈቃዱና የጁሊዮ ፍርሃት ግን ሁሉም እዚያው አሉ። በኋላ የሚመጡት ትዕይንቶች ከዚህ የበለጠ እንዲናገሩ አያስገድዷቸው።

7. ፍጻሜው

ሁለቱ ይሙቱ ወይስ ይኑሩ? ጥያቄው ከባድ የሚሆነው ከኋላው ታሪክ ስላለ ነው። በሆሊዉድ ከ1934 እስከ 1968 በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ሥር እንዲህ ያለ ፍቅር ለአብዛኛው ጊዜ በፊልም እንዳይታይ የተከለከለ ነበር፤ በጥቆማ ብቻ የሚታዩት ገጸ ባሕርያትም ብዙ ጊዜ ፍጻሜያቸው ቅጣት ወይም ሞት ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1913 እና 1914 የጻፈውን የሁለት ወንዶች የፍቅር ልብ ወለድ በደስታ እንዲያልቅ ቁርጥ አድርጎ ወሰነ፤ መጽሐፉም የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። ይህንን የሚያውቅ አንባቢ የእርስዎን አፍቃሪዎች ሞት ሲያይ «ደግሞ ቅጣት» ቢል አይፈረድበትም።

ሞቱን እንዳለ የሚተዉት ከሆነ ከጠቡና ከመልእክቱ መዘግየት በቀጥታ እንደመጣ በግልጽ ያሳዩ፣ ራስን የማጥፋትን አፈጻጸም በዝርዝር አይግለጹ። እኔ ግን ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። ከሼክስፒር በፊት በነበሩት የጣሊያን ተራኪዎች ዘንድ ሮሜዎ ከመሞቱ በፊት ልጅቷ ትነቃለች፣ ይነጋገራሉም፤ ተዋናዩ ዴቪድ ጋሪክም በ1748 በእንግሊዝ መድረክ ባቀረበው ሥሪት ይህንን አስገብቶታል። በእርስዎ ሥሪት ሮሜዎ ክልከላውን ጥሶ በሌሊት በእርሻ መንገድ ሲመጣ መኪናው ትገልበጥና ቆስሎ ይድረስ፤ ጁሊዮም በሩን ይክፈትለት። ሁለቱም እውነቱን እያወቁ የሚያሳልፉት ሰዓት የታሪኩ ቁንጮ ይሁን። አምቡላንሱ መድረስ አለመድረሱን ጽፈው ሲደርሱበት ይወስኑ፤ ቀድሞ የተወሰነ ሞት ገጸ ባሕርያቱን ያደነዝዛቸዋል።

8. መፈተንና ማሳተም

ረቂቁ ሲያልቅ ጁሊዮን በሐሳብዎ ወደ ሴት ይመልሱትና ታሪኩን ከመጀመሪያው ይከተሉት። ምንም ነገር ሳይናጋ እስከ መጨረሻው ከሄደ ስም ብቻ ነው የቀየሩት። በሦስተኛው ገጽ ላይ ከፈረሰ ደግሞ ጠቡን ረስተውታል። ነውር የሆኑ የስድብ ቃላት በሚናገራቸው ገጸ ባሕርይ አፍ ብቻ ይቅሩ፤ ተራኪው «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» በሚለው ይጽና። ከተቻለ ይህንን ሕይወት የሚኖር ሰው ረቂቁን ያንብብልዎ፤ የማንንም እውነተኛ ምስጢር ግን ለታሪክ አይጠቀሙበት።

ታሪኩን ከቬሮና ወደ አዲስ አበባ ማዛወር የሚያስቡ ከሆነ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀልነት ስለሚያስቀጣ ክብደቱ ከጠቡ ወደ ሕጉ ይዞራል፤ ደረጃ 2ን እንደገና መሥራት ይኖርብዎታል። የሚጽፉት በአገር ውስጥ ሆነው ከሆነ በብዕር ስም መጻፍንና የረቂቁን አቀማመጥ አስቀድመው ያስቡበት።

የሼክስፒር ጽሑፍ የሁሉም ነው፤ ማንም ሳይፈቅድልዎ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የከበደ ሚካኤል ትርጉም ግን አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፣ እርሳቸውም ያረፉት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ስንኞቻቸውን አይቅዱ፤ ንግግሩን ሁሉ በራስዎ አማርኛ ይጻፉት።